ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ ነውን?

ዝምታን በተመለከተ የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ከራሱ ጋር የተጣላ ይመስላል። በአንድ በኩል «ዝም አይነቅዝም» እያለ አፉን የሚሰበስበውን ሰው ያመሰግናል፤ በሌላ በኩል «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» እያለ ዝም ባዩን ይወቅሳል። ሁለቱ አባባሎች ቢጣሉም አንድ ነገር ይጋራሉ። ዝምታን ዝም ያለው አካል ፈቅዶ የመረጠው ተግባር አድርገው ይወስዱታል። ዝም ያለው ወይ ጠቢብ ነው፣ ወይ ፈሪ ነው፤ ወይ ይመሰገናል፣ ወይ ይወቀሳል። ዝምታው የዝምተኛው ላይሆን ይችላል የሚለው ሦስተኛ ሐሳብ በሁለቱም ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህን ሦስተኛ ሐሳብ ለመረዳት አንዳንድ ጊዜ ከታላላቅ መጻሕፍት ይልቅ ተራ የሚመስል የእጅ ሥራ የተሻለ አስተማሪ ይሆናል። ድምፁን ያጣ አሮጌ የፒንቦል ማሽን መጠገን ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ሥራዎች አንዱ ነው።

ፒንቦል በመስታወት በተሸፈነና ወደ ተጫዋቹ ባዘነበለ ገበታ ላይ የምትንከባለል የብረት ኳስ ወደ ታች ወርዳ እንዳትጠፋ፣ በሁለት አጫጭር ክንዶች እየመለሱ ነጥብ የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ነው። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ከክንዶቹ ስም ተነሥተው «ፍሊፐር» ይሉታል። የማምረቻው ዋና ከተማ የአሜሪካዋ ቺካጎ ነበረች። ኒው ዮርክ ጨዋታውን ከቁማር ቆጥራ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1976 አግዳው ብትቆይም፣ በሌሎች ከተሞች መጠጥ ቤቶችና መዝናኛ ስፍራዎች የማሽኑ ጩኸት አልተቋረጠም።

በአሮጌዎቹ ማሽኖች ውስጥ የዚያ ጩኸት ምንጭ በዓይን የሚታይ ነበር። ኳሷ ስትነካው ኤሌክትሪክ ያገኘው የሽቦ ጥቅል መዶሻውን ይስባል፤ መዶሻው ደወሉን ይመታል፤ ደወሉ ይጮኻል። ደወሉ ዝም ካለ ክዳኑን ከፍቶ መዶሻው መምታት አለመምታቱን ማየት ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኤሌክትሮኒክስ የደወሉን ቦታ ሲወስድ ግን የድምፅ ምክንያት ከዓይን ተሰወረ። በ1979 ዊልያምስ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ያወጣው «ጎርጋር» ደግሞ በሰው ቋንቋ የሚናገር የመጀመሪያው የፒንቦል ማሽን ሆነ። የሚያውቃቸው ቃላት 7 ብቻ ነበሩ፤ እነዚያኑ እያገጣጠመ በተጫዋቹ ላይ ይፎክራል፣ ሲመታም ያማርራል። ከበስተጀርባ የልብ ትርታ ይሰማል፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ትርታው ይፈጥናል።

እንዲህ ያለው ማሽን አንድ ቀን ዝም አለ እንበል። መብራቶቹ ይበራሉ፤ ኳሷ ትንከባለላለች፤ ነጥቡ ይቆጠራል፤ ድምፅ ግን የለም። ባለቤቱ ወደ ጠጋኝ የሚሄደው በሽታውን ብቻ ሳይሆን ፍርዱንም ይዞ ነው። «የድምፅ ሰሌዳው ሞቷል» ይላል። ፍርዱ ምክንያታዊ ይመስላል። ድምፅ የሚሰጠው የድምፅ ሰሌዳው ነው፤ ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው። ሰው ስለ ሰው የሚሰጠውም ፍርድ ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ይጓዛል። መናገር የነበረበት እርሱ ነው፤ አልተናገረም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእርሱ ነው።

የሰንሰለቱ ሕግ

ልምድ ያለው ጠጋኝ ይህን ፍርድ አይቀበለውም፤ አይክደውምም። ድምፅ የአንድ ረጅም ሰንሰለት መጨረሻ መሆኑን ስለሚያውቅ ውሳኔውን ያዘገያል። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ኃይል ተስተካክሎ ሰሌዳው ዘንድ መድረስ አለበት። ዋናው ሰሌዳ ትእዛዝ መላክ አለበት። ትእዛዙ በሽቦና በመሰኪያ አልፎ መድረስ አለበት። በድምፅ ሰሌዳው ላይ ያለው ትንሽ ፕሮሰሰር ነቅቶ ትእዛዙን መቀበል፣ 2 ኪሎባይት ብቻ ከምትይዘው ማህደር መመሪያውን ማንበብ አለበት። ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥ፣ ሞገዱ በማጉያው ጎልብቶ በቮሊውሙ በኩል ማለፍ፣ በመጨረሻም ስፒከሩን ማንቀጥቀጥ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢጎድል ውጤቱ ዝምታ ነው።

እዚህ ላይ በንግግርና በዝምታ መካከል ያለ አንድ ትልቅ ልዩነት ይገለጣል። ማሽኑ አንዲት ቃል ከተናገረ ከኃይሉ ጀምሮ እስከ ስፒከሩ ያለው ሁሉ ለዚያች ቃል የሚበቃ ጤና እንዳለው በአንድ ጊዜ ይመሰክራል። ዝም ካለ ግን የሚመሰክረው ከብዙዎቹ ማያያዣዎች ቢያንስ አንዱ መጉደሉን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። ንግግር ሁሉን ያረጋግጣል፤ ዝምታ ማንንም ለይቶ አይከስም። ከዝምታ ተነሥቶ በቀጥታ በሰሌዳው ላይ የሚፈርድ ሰው ማስረጃው የማይሸከመውን ክስ እያሸከመው ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «ኅላዌና ጊዜ» በተሰኘው ሥራው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አስተውሏል። መዶሻ በደንብ እስከሠራ ድረስ ሠራተኛው መዶሻውን አያየውም፤ የሚያየው የሚሠራውን ሥራ ነው። መዶሻው በተሰበረ ጊዜ ግን ራሱ መዶሻው፣ ከእርሱም ጋር ምስማሩ፣ እንጨቱና የሥራው ዓላማ ሁሉ ተያይዘው ብቅ ይላሉ። ድምፅ ያጣ ማሽንም እንዲሁ ነው። ሲናገር በነበረበት ጊዜ ማንም ስለ ትራንስፎርመሩ አላሰበም፤ አሁን ግን ያ የተደበቀ መተጋገዝ ሁሉ አንድ በአንድ ስሙ ይጠራል።

ያልተጠየቀ አይመልስም

ጠጋኙ ምርመራውን የሚጀምረው እጅግ ቀላል ከሆነው ነገር ነው፤ ቮሊውሙን ይመለከታል። ምናልባት ጩኸቱ የሰለቸው ሰው ዝቅ አድርጎት ይሆናል። ከሆነም ማሽኑ ዝም ያለው ሰው ዝም ስላሰኘው ነው። ይህ እንደ ቀልድ ቢታይም ቀዳሚ ጥያቄ መሆኑ ትርጉም አለው። የዝምታን ምክንያት ፍለጋ የሚጀመረው ዝም ካለው ሳይሆን ዝም ካሰኘው እጅ ነው።

ቀጥሎ ቴስተሩን ያነሣል። ለፕሮሰሰሩና ለማህደሩ የሚያስፈልገው ኃይል 5 ቮልት ነው፤ ከዚያ ብዙ ዝቅ ካለ ቺፑ ጤነኛ ቢሆንም አይነቃም። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ስፒከሩን ከሽቦው ይለያል፤ በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ይነካዋል። ስፒከሩ «ጠቅ» ካለ ሕያው ነው። እንደገና አገናኝቶ ኃይል ሲሰጠውና ቮሊውሙን ከፍ ሲያደርገው ጆሮውን ያስጠጋል። ቀጭን የጉምጉምታ ድምፅ ከተሰማ ማጉያው እየሠራ ነው፤ ምንም ካልተሰማ ጥርጣሬው ወደ ማጉያው ያዘነብላል። ለማይሰማ ጆሮ ሁለቱም ዝምታ ናቸው፤ ለጠጋኙ ግን ዝምታም ዓይነት አለው።

በድምፅ ሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ የመፈተሻ ቁልፍ አለች። ስትጫን ሰሌዳው ከዋናው ሰሌዳ ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚያውቃቸውን ድምፆች በራሱ ያሰማል። ከዚህ ፈተና የሚገኘው እውቀት ሰንሰለቱን ከመሃል ይቆርጠዋል። ድምፅ ከወጣ ከፕሮሰሰሩ እስከ ስፒከሩ ያለው ሁሉ ነጻ ይወጣል፤ ጥፋቱም ትእዛዝ በሚመጣበት በኩል መሆን አለበት። ድምፅ ካልወጣ ተጠርጣሪዎቹ በሌላው ወገን ናቸው።

በዚያ ዘመን ማሽኖች ዋናው ሰሌዳ ለድምፅ ሰሌዳው ትእዛዝ የሚልከው በ5 መስመሮች ነበር። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሁኔታ ብቻ ስላለው ጠቅላላ ጥምረቱ 32 ይሆናል። ከእነዚህ 31ዱ የድምፅ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ፣ ማለትም 5ቱም መስመሮች ሥራ የፈቱበት፣ «ምንም አልተጠየቀም» ማለት ነው። ጠጋኙ ሰሌዳው በመፈተሻ ቁልፉ ሲናገር ከሰማና መስመሮቹን ሲለካ ምንም ትእዛዝ እንዳልመጣ ካወቀ፣ ባለቤቱ «ሞቷል» ያለው ሰሌዳ ፍጹም ታዛዥ ሆኖ ይገኛል። ዝም ያለው እምቢ ብሎ አይደለም፤ የጠየቀው ስላልነበረ ነው።

ጥያቄው የጠፋበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። የመሰኪያ ንክኪዎች ይልላሉ፤ የቺፕ መቀመጫዎች እግሮቹን አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል፤ የድምፅ ሰሌዳውን ከንግግር ሰሌዳው የሚያገናኘው ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ይደክማል። በዋናው ሰሌዳ ላይ ያሉት 3 ትንንሽ ባትሪዎች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የተቀመጡት ማሽኑ ሲጠፋ ከፍተኛ ነጥቦቹ እንዳይረሱ ነው። ሳይቀየሩ ለዓመታት ከቆዩ ግን ያፈሳሉ፤ የሚያፈሱት ኬሚካልም የመዳብ መስመሮቹንና መሰኪያዎቹን ይበላል። የቆየ ክብርን ለማስታወስ የተቀመጠው ነገር ተረስቶ ሲቀር አሁን ሊነገር የሚገባውን ያጠፋል ማለት ነው።

የጠጋኙ ሐቀኝነት

እስካሁን የተነሣው የእውቀት ጥያቄ ነበር። የሞራሉ ጥያቄ የሚመጣው ጠጋኙና ባለቤቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። ባለቤቱ ክዳኑ ሲከፈት የሚያየው አረንጓዴ ሰሌዳና ጥቋቁር ቺፖች ብቻ ነው። የተነገረውን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ጠጋኙ የላላ ገመድ አጥብቆ «አዲስ ሰሌዳ ገባ» ቢል ማን ያውቅበታል? ወይም ከዚህ በቀለለና በተለመደው መንገድ፣ ሳይመረምር አዲስ ሰሌዳ አስገብቶ ማሽኑ ስለተናገረ ብቻ «አሮጌው ሞቶ ነበር» ቢል?

ይህ ሁለተኛው ድርጊት ከመጀመሪያው ይልቅ ለማውገዝ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ጠጋኙ ራሱ ያምንበታል። ሰሌዳውን ሲቀይር ሳያስበው ገመዱንም ነቅሎ ሰክቷል። ፈውሱ የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ምስጋናው ለአዲሱ ሰሌዳ ተሰጠ፤ ጤነኛው አሮጌ ሰሌዳ ደግሞ ወደ ቆሻሻ ሄደ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ ለመመርመር የሚያስቸግረው ትቶ ለመቀየር የሚቀለው ተቀጣ። አንዳንድ ጊዜ ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ጥፋቱ የኃይሉ ከሆነ አዲሱም ሰሌዳ በዚያው የታመመ ኃይል ላይ ይሰካል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዝም ሊል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ንጹሕ አካል ይፈረድበታል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ፍትሐዊ ተቃውሞ አለ። የጠጋኙ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ለአንድ መጫወቻ ማሽን ሦስት ቀን መመርመር ለባለቤቱም አይጠቅመውም፤ ሰሌዳ መቀየር የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ይህ እውነት ነው። ፕሉታርክ ያቆየልን የቴሴዎስ መርከብ ጥያቄ እንደሚያሳየው፣ ሳንቃው ሁሉ ቢለወጥም መርከቡ ያው ነው የሚሉ አሳቢዎች ጥንትም ነበሩ። ጎርጋርም ያንኑ ማህደር ቅጂ በያዘ አዲስ ሰሌዳ ላይ ቢናገር ድምፁ የእርሱ አይደለም ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ መለወጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ያለው ያልመረመሩትን እንደመረመሩ አድርጎ በመናገር ላይ ነው። «ለመመርመር ከሚወስደው ጊዜ መለወጡ ይረክሳል፤ አሮጌው ሰሌዳ ግን መበላሸቱን አላረጋገጥሁም» የሚል ጠጋኝ ሐቀኛ ነው። «ገመዱን ስነካው ተናገረ፤ ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም፤ ሊመለስ ይችላል» የሚልም ሐቀኛ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ፈውስ ፈውስ ነው፤ እውቀት ግን አይደለም፤ ሁለቱን አለማደባለቅ የሙያው ክብር ነው።

ከማሽን ወደ ሰው

እንግሊዝኛ ጸሐፊዋ ፈላስፋ አይሪስ መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመው የድርሰቶቿ ስብስብ ውስጥ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አላት። አንዲት አማት ምራቷን ትንቃታለች፤ ልጇ ከማዕረጉ በታች ያገባ ይመስላታል። በውጭ ጠባይዋ ምንም አታሳይም። ከጊዜ በኋላ ግን ምናልባት አድልዎና ቅናት አሳስተዋት እንደሆነ ራሷን ትጠይቅና ምራቷን እንደገና ትመለከታታለች። ያን ጊዜ ባለጌነት የመሰላት ግልጽነት፣ ልጅነት የመሰላት ሕያውነት ሆኖ ይታያታል። ምራቲቱ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የአማትየው አስተያየት ነው። መርዶክ የምትለው፣ በውጭ አንዳች ነገር ባይደረግም ይህ በፍትሕና በፍቅር እንደገና የማየት ጥረት ራሱ የሞራል ሥራ ነው።

የጠጋኙ ትዕግሥት ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ክፍል ውስጥ ተጠይቆ ዝም ያለ ልጅ «ሰነፍ» ሲባል ይሰማል። መምህሩ ጥያቄው ለልጁ በሚገባ መድረሱን፣ ልጁ ቁርስ በልቶ መምጣቱን፣ ከዚህ በፊት ሲመልስ የሣቁበት መኖራቸውን ጠይቆ ይሆን? በናይሮቢ ወይም በጅቡቲ አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ስደተኛ ሠራተኛ ዝም ሲል «ሐሳብ የለውም» ይባላል። ሐሳቡ ሞልቶ ሳለ ቋንቋው በአፉ ላይ ገና የላላ መሰኪያ ሊሆን ይችላል። ኃይል፣ ጥያቄ፣ መስመር፣ ቮሊውም፤ ለሰውም የሚሆን አቻ አላቸው።

ምሳሌው ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም መዝለል አደገኛ ነው። በማሽኑ ላይ የመፈተሻ ቁልፍ መጫን ማንንም አይጎዳም። ሰውን ግን ሳይፈቅድ ለማናገር ቁልፍ መፈለግ ግፍ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ተከሳሽ ቀርቦ አለመመስከሩን ዐቃቤ ሕግ እንደ ጥፋተኝነት ማስረጃ እንዳያነሣው ከልክሏል። ሕግ እዚህ የደረሰው ዝምታ ለይቶ እንደማይከስ ስለተረዳ ብቻ አይደለም፤ የሰው ዝምታ የራሱ ንብረት ሊሆን እንደሚችልም ስለተቀበለ ነው። ስለዚህ በሰው ዘንድ መርማሪው የሚፈትሸው በራሱ በኩል ያለውን የሰንሰለት ክፍል ነው። ጠይቄዋለሁን? ጥያቄዬ ደርሶታልን? ድምፁን ዝቅ ያደረገው የእኔ እጅ ይሆን?

ይህ ሁሉ ሲባል የበጎቹ ምሳሌ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ግፍ ሲፈጸም እያየ፣ አቅሙ ሳለው፣ ተጠይቆም፣ የሚያሰጋው ሳይኖር ዝም ያለ ሰው አለ። በእርሱ ላይ መፍረድ ተገቢ ነው። የጠጋኙ መንገድ ፍርድን አይሽርም፤ ፍርድ የሚደርስበትን መንገድ ያሳያል። ኃይሉ ተለክቶ፣ ገመዱ ተፈትሾ፣ ትእዛዙ መድረሱ ታውቆ፣ ቺፑ ግን አሁንም ዝም ካለ ጠጋኙ ያለ ማመንታት «ጥፋቱ ከዚህ ነው» ይላል፤ ቃሉም ይታመናል። ሳይመረምር ያንኑ ቃል የተናገረው ባለቤት ምናልባት እውነቱን ገምቶ ይሆናል፤ ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ከሚለው ተረት የሚያድነው ዕድሉ ብቻ ነው።

የዚያ ማሽን ጥፋት በመጨረሻ በጠፍጣፋው ገመድ ላይ ተገኘ እንበል። ጠጋኙ ገመዱን ቀይሮ፣ ማሽኑን አብርቶ ኳሷን ይለቃታል። በመጀመሪያ የልብ ትርታው ይሰማል፤ ቀጥሎ ከ7ቱ ቃላት ጥቂቱ። ባለቤቱ ሒሳቡን ሲከፍል «ሰሌዳው አልሞተም ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አልሞተም፤ ሲናገር የነበረው እርሱ ነው፤ የማይደርሰን እኛ ነበርን» ይለዋል ጠጋኙ።